ያ ድንጋይ ከየት መጣ? ለቀድሞ ተማሪዎቼ የዘገየ እርማት

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ቡና ማፍላት የምትችሉ አፍሉና ተቀመጡ። በተለይ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ጎባ ላይ ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። አንድ ነገር አሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ። ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል። መምህር ሲሳሳት ግን ራሱ ካላረመው ስህተቱ ከተማሪው ጋር አብሮ ያረጃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2006 ዓ.ም.፣ 9ኛ ክፍል ነን። የመሬትን ገጽታ ስለሚለውጡ ኃይሎች እየተማርን ወንዙንም ነፋሱንም ጨርሰን ግግር በረዶ ላይ ደረስን። እኔ ራሴ ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስሠራ ግግር በረዶን የተማርኩት በስዊዘርላንድ ተራሮች ሥዕል ነው። እንደተማርኩትም አስተማርኩ። ቦርዱ ላይ ሁለት ሸለቆ ሳልኩ። አንደኛው ወንዝ የቆረጠው ነው፤ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ሁለተኛው ግግር በረዶ የፋቀው ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ሰፊ፣ ልክ ከብት ውሃ እንደሚጠጣበት ገንዳ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ይሄ ሁለተኛው የፈረንጅ አገር ነው። እኛ ጋ ግግር በረዶ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ለፈተና ያህል ያዙት።»

ከኋላ መቀመጫ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ስሙን አልጠራም፤ ይሄን ሲያነብ ራሱን ያውቃል። ከቶጎና ወንዝ ሽቅብ ካለ ቀበሌ በየቀኑ በእግሩ የሚመጣ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነበር።

«ቲቸር፣ ሁለተኛው ሥዕል ከእኛ ቤት በላይ ያለውን ይመስላል። እዛ ደግሞ ሜዳው መሀል ጎጆ ቤት የሚያክል ድንጋይ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ወንዙ ትንሽ ነው፣ ሊያመጣው አይችልም። ማን አመጣው?»

ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ፈገግ አልኩ። «ከገደል ተንከባሎ ነው» አልኩት።

«ገደሉ እኮ ሩቅ ነው፣ ቲቸር» ብሎ ተቀመጠ። እኔም ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ።

በቃ፣ ይሄ ነው ታሪኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ልጁ ግን ያደረገው ነገር ሳይንስ የሚባለው ራሱ ነበር። በዓይኑ ያየውን ከተማረው ጋር አነጻጸረ፣ የማይገጥመውን ለየ፣ ጠየቀ። እኔ የሰጠሁት መልስ ደግሞ መልስ አልነበረም፤ የማያውቁትን ነገር መዝጊያ ነበር።

አሁን ከ10 ዓመት በላይ ዘግይቼ ልመልስለት።

መጀመሪያ አገሩን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ጋቢ ሳይዙ የማይመሽባት ከተማ ናት። ከጎባ ወደ ደቡብ መኪና ይዛችሁ ስትወጡ በመጀመሪያ የጥድና የኮሶ ዛፍ ታገኛላችሁ። ቀጥሎ አስታ ይመጣል። መጀመሪያ ዛፍ የሚያህለው አስታ እየወጣችሁ ስትሄዱ እያጠረ፣ እያጠረ ቁጥቋጦ ይሆናል። ከዚያ በድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሰማይና ሣር ብቻ ይቀራል። ሳነቴ ይሄ ነው፤ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ። እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ሌሊት ውሃው ይጋገራል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። በሜዳው ላይ ቱሉ ዲምቱ ቆሟል፤ በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ነው። ቁመቱ 4,377 ሜትር ሲሆን የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ነው።

ከዚህ ሜዳ ጠርዝ ውሃው በየአቅጣጫው ይወርዳል። ወደ ሰሜን ከሚወርዱት አንዱ ቶጎና ነው። ጎባ ያደጋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ልብስ አጥባችሁበታል፣ ዋኝታችሁበታል። እኔ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ድልድዩን ስሻገር አንድም ቀን ሽቅብ ወጥቼ አላየሁትም። የአልፕስን ሸለቆ ግን በቃሌ አስተምር ነበር። አይገርምም?

አሁን ወደ ድንጋዩ።

ግግር በረዶ ማለት ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ዓይነት በረዶ ብቻ አይደለም። ብርዱ ጠንክሮ የዘንድሮው በረዶ ሳይቀልጥ የከርሞው ሲደረብበት፣ የላይኛው የታችኛውን እየጨመቀ ወደ ጠጣር በረዶ ይለውጠዋል። ውፍረቱ ሲበዛ ደግሞ ክብደቱ ራሱን ቁልቁል መሳብ ይጀምራል። በዓይን አይታይም እንጂ ይፈሳል፤ ብርድ ላይ እንደቆየ ማር ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ሲሄድ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እየነቀለ ይይዛል። የያዘው ድንጋይ ደግሞ እንደ ሞረድ ሆኖ ወለሉንና ግድግዳውን ይፍቃል። ወንዝ የሸለቆውን ታች ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ግግር በረዶ ግን ሸለቆውን ሞልቶ ስለሚሄድ ጎኑንም ወለሉንም አብሮ ይፍቀዋል። ገንዳ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አንድ ልዩነት ደግሞ አለ። ጎርፍ ድንጋይን ይመርጣል። ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ ትልቁን ይጥላል፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ መጨረሻ አሸዋውን። ግግር በረዶ አይመርጥም። ቤት የሚያክለውንም ዱቄት የሚያክለውንም በአንድ ላይ ተሸክሞ ይመጣና በሚቀልጥበት ቦታ ሁሉንም ዘርግፎ ይሄዳል። በሸለቆው አፍና ጎን እንደ ግንብ የሚቆመውን ይሄን ክምር ነው መጽሐፉ ሞሬን የሚለው። አንዳንዱ ትልቅ ድንጋይ ደግሞ ከመጣበት ገደል ርቆ፣ ሜዳ መሀል ብቻውን ይቀራል።

«ገደሉ እኮ ሩቅ ነው፣ ቲቸር።»

አዎ ሩቅ ነው። ድንጋዩን ያመጣው ግግር በረዶ ነው።

ይሄ አሁን የተገኘ አዲስ ወሬ አይደለም፤ እኔን ያሳፈረኝም እሱ ነው። ሄንሪ ኦስማስተን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የባሌን ተራሮች ዞሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ጥናቱ ታትሟል። በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ቢያንስ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረዶ ቆብ እንደነበረ፣ በየሸለቆው የወረደው ሲጨመር ደግሞ በባሌ ተራሮች ወደ 180 ካሬ ኪሎ ሜትር በበረዶ ተሸፍኖ እንደነበረ ጽፈዋል። ቶጎና ከእነዚያ ሸለቆዎች አንዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1997 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ በ2006 ክፍል ውስጥ ቆሜ «ኖሮም አያውቅም» ስል፣ ጥናቱ ከወጣ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ጊዜውን የቆጠሩት ግን በኋላ የመጡት ናቸው። ከስዊዘርላንድና ከጀርመን የመጡ ተመራማሪዎች በሞሬኖቹ ላይ የተቀመጡትን ትልልቅ ድንጋዮች አናት ናሙና ወስደው ዕድሜያቸውን ለኩ። አለካኩ ደስ ይላል፣ ልንገራችሁ። ከህዋ የሚመጣ ጨረር ዘወትር ምድርን ይመታል። ጨረሩ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ክሎሪን-36 የሚባል ንጥረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ ይፈጠራል። ድንጋዩ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ጨረሩ በደንብ አያገኘውም። በረዶው ጥሎት ከሄደበት ቀን አንስቶ ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ እየጠቆረ እንደሚሄድ ሁሉ ክሎሪኑም እየተጠራቀመ ይሄዳል። የተጠራቀመውን ለክቶ ድንጋዩ ስንት ዘመን ሜዳ ላይ እንደተቀመጠ ማወቅ ይቻላል።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። የኢትዮጵያ ግግር በረዶዎች ከፍተኛ ስፋታቸው ላይ የደረሱት ከዛሬ 42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው። ልብ በሉ፣ በብዙው ዓለም በረዶ እጅግ የተስፋፋው ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው። የእኛ ተራራ ቀደም ብሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ አየሩ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ከአስታው በላይ የምናገኘው የውርጭና የሣር አገር በሙሉ 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። እንግዲህ እዚያ ዘመን ላይ ሆናችሁ ከጎባ ሽቅብ ስትመለከቱ አስቡት! አሁን ደመና የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነጭ በረዶ ተጋድሟል።

ሌላ ምስክርም አለ። ሳነቴ ላይ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተደርድረው ይታያሉ። ሰው ያሰመረው የሚመስል፣ አንዳንዱ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝም፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፋ የድንጋይ መስመር። ያሰመረው ግን ውርጭ ነው። መሬቱ እየተጋገረና እየቀለጠ በብዙ ዘመን ውስጥ ትልልቁን ድንጋይ ከአፈሩ እየለየ ወደ ጎን ገፋው። የዛሬው የሳነቴ ብርድ እኛን ያንቀጠቅጠን እንጂ ያንን ለመሥራት አይበቃም። መስመሮቹ የሞተ ብርድ የጻፈው ጽሑፍ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ድንጋይ ነው ያወራነው። አሁን ስለ ሰው።

ከዚሁ ተራራ በስተ ምዕራብ፣ በወይብ ወንዝ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚህ ቦታ የወጣው ጥናት ዓለምን አነጋግሯል። በሥራው ከውጭዎቹ ጋር የእኛዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ፕሮፌሰር ዘሪሁን ወልዱ አሉበት። ዋሻው ሲቆፈር ምድጃ፣ የድንጋይ መሣሪያና የተቃጠለ አጥንት ተገኘ። ዕድሜው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት። ከዚያ በፊት ሰው እንዲህ ባለ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበትና ብርዱ በሚገድልበት ቦታ በዚያ ዘመን ይኖራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር።

ሁለቱን ዘመን አስተያዩት። በረዶው ከ42,000 እስከ 28,000። ሰዎቹ ከ47,000 እስከ 31,000። ማለትም ግግር በረዶው በሸለቆዎቹ ውስጥ ቁልቁል እየወረደ ሳለ እነዚህ ሰዎች ከጎኑ ነበሩ። ሸሽተው ቆላ አልወረዱም። እዚያው እሳት አንድደው በሉ፣ የቀለጠውን ውሃ ጠጡ።

ምን በሉ? ፍልፈል። ባሌ ውስጥ ብቻ የሚገኝ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሊጠጋ የሚችል ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ዋሻው ውስጥ የተገኘው አጥንት በአብዛኛው የሱ ነው፣ ጠብሰው ነበር የሚበሉት። ያ ፍልፈል ዛሬም አለ። ዛሬ ግን ደንበኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ሳነቴ ላይ ጠዋት ብትሄዱ ቀይ ቀበሮው አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ የፍልፈሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲያደባ ታዩታላችሁ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው እዚሁ ባሌ ነው።

መሣሪያቸውስ? ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚቆርጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እሱን የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ዋሳማ ከሚባል ሸንተረር ነበር። ያን ጊዜ ዙሪያው በረዶ ነው። በጠርዙ እየዞሩ፣ ባዶ መሬት ባለበት እየተሻገሩ ወጥተው ይመለሱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ለሺህ ዓመታት። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ የአገራችንን የመጀመሪያዎቹን ተራራ ወጪዎች ፈልጉ ከተባላችሁ እነሱ ናቸው። የሚወጡት ደግሞ ፎቶ ለመነሳት አልነበረም።

በኋላ አየሩ ሞቀ፣ በረዶው እያፈገፈገ ሄዶ ጠፋ። ዛሬ በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይናችን እያየ እያለቀ ነው። የእኛው ማንም ስም ሳያወጣለት ቀድሞ ሄደ። የቀረው የፋቀው ሸለቆና የጣለው ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ከ10ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን አልቀጠለም። እኔም ከባሌ ተዛወርኩ። በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «ቲቸር፣ ያ ድንጋይ ትዝ ይልሃል?» አለኝ። በድምፁ አላወቅኩትም፤ በድንጋዩ ግን ወዲያው አወቅኩት። ፈረስ ይዞ እንግዶችን ተራራ የሚያስጎበኝ ሰው ሆኗል። አንድ እንግዳ ስለ በረዶው ዘመን ነግሮት፣ ማታ ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ ያሰበው እኔን እንደሆነ ነገረኝ። በቂም አልነበረም የደወለው፤ በደስታ ነበር። «መልሱን አገኘሁት፣ ላንተም ልንገርህ ብዬ ነው» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው የተነሳሁት።

በ2016 ዓ.ም. በጥር፣ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ሄድኩ። በፈረስ፣ ቀሪውን በእግር ወጣን። እኔ እየቆምኩ አየር እፈልጋለሁ፣ እሱ እያፏጨ ይሄዳል። የቶጎናን ሸለቆ ከላይ ሆነን ስናይ ምንም አላልኩም። ቦርድ ላይ የሳልኩት ሁለተኛው ሥዕል ነው። ግድግዳው፣ ሰፊው ወለል፣ በጎኑ እንደ ግንብ የተከመረው ድንጋይ። በመሀሉ ቶጎና ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፤ የአባቱን ሰፊ ካፖርት የለበሰ ሕፃን ይመስላል። ይሄን ሁሉ ሸለቆ ያ ወንዝ ብቻውን አልሠራውም፤ ያየ ሰው ያውቃል። ልጁም አውቆ ነበር።

ድንጋዩም ጋ ወሰደኝ። እጄን አስደገፍኩበት። ጎኑ ላይ የቢጫና የግራጫ ሽበት በቅሎበታል። በነፋስ በሌለው ጎኑ በኩል እረኞች እሳት ያነደዱበት ጥቀርሻ አለ። «ልጅ ሆኜ ዝናብ ሲመጣ እዚህ ሥር ነበር የምጠለለው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው ከየት እንደመጣ የገባኝ። እሱ የጠየቀኝ ስለ ፈተና አልነበረም፤ ስለ ቤቱ ነበር።

ማታ አባቱ ቤት አደርን። አዛውንቱ እርጎ አቀረቡልኝና ስለ ሣሩ አወሩኝ። በልጅነታቸው ጥር ላይ የሚሻገሩት ምንጭ ጉልበት ድረስ ነበር አሉ፤ አሁን ጫማ ሳያርስ ይታለፋል። ከብቶቹ በየወቅቱ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚዘዋወሩበትን ጎዳንቱ የሚባለውን የቆየ ሥርዓት አነሱ። ድሮ ከብቱ ወቅቱን ጠብቆ ወጥቶ ይወርድ ነበር። አሁን ታችኛው መሬት ታርሷል፣ ስለዚህ ብዙው ከብት ላይ ይቀራል። አስታው ለግጦሽ ተብሎ ይቃጠላል። «መንግሥት ከብትህን አውጣ ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ግን የት ላውጣው? እሱን ያልነገረኝ አለ» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ማለትን ተምሬያለሁ፤ ዱሮ ቢሆን አንድ ነገር እቀባጥር ነበር።

ይሄን ለምን አነሳሁ? ውሃውን ስላሰብኩ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ ሲሆን ሰው በረዶውን አይቶ ይደነቃል። ባሌ ላይ ግን በረዶ የለም። ታዲያ በበጋ ቶጎና ከየት ይፈሳል? ዝናቡንና ጤዛውን እንደ ስፖንጅ የሚይዘው ረግረጉ፣ ሣሩ፣ አስታውና ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ነው። በረዶው ከሄደ በኋላ፣ በረዶው በፋቀው ወለል ላይ በሺዎች ዓመታት የተጠራቀመ አፈር። ቶጎና ወይብን ይቀላቀላል፤ ወይብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ሶማሊያ ይገባል። ከባሌ ተራሮች በሚወርዱት ወንዞች የሚጠቀመው ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይነገራል። ሳነቴ ላይ የሚረገጥ ሣር ሌላ አገር ውስጥ የሰው ጉሮሮ ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 9ኛ ክፍል ሆነን የምንሠራው ዓይነት ነው፣ አትፍሩ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ላይ ስንወጣ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፣ አይደል? ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377። ልዩነቱ 377 ሜትር። በ6.5 አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይመጣል።

ይሄ ምን ማለት ነው? በበረዶው ዘመን አየሩ ሲቀዘቅዝ የደጋው ሣር፣ ጅብራው፣ ፍልፈሉ 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወረዱ። መሬት ነበራቸው፤ ታች ሰፊ ነው። አየሩ ሲሞቅ ተመልሰው ወጡ፤ እሱም ቦታ ነበረው። ከዚህ በኋላ አየሩ ሁለት ዲግሪ ተኩል ቢሞቅ ግን ዛሬ ሳነቴ ሜዳ ላይ ያለው ብርድ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ከጫፉ በላይ መሬት የለም፤ ሰማይ ነው። ቀይ ቀበሮውም ጅብራውም መሰላል አይሠሩ ነገር።

ሒሳቡ ሻካራ ነው፣ አውቃለሁ። ዕፅዋት በሙቀት ብቻ አይኖሩም፤ ዝናብ አለ፣ አፈር አለ፣ እሳትና ግጦሽ አለ። አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ይሄን ሒሳብ ዘንድሮ ለተማሪዎቼ ቦርድ ላይ ስሠራ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ከላይ መሸሻ ከሌላቸው ከታች ማስፋት አይቻልም?» አለችኝ። ይሄኛውን ጥያቄ አልዘጋሁትም። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከርንበት። ሙቀቱን ባሌ ብቻዋን አታቆመውም፤ አስታው እንዳይቃጠል፣ ረግረጉ እንዳይረገጥ፣ የእነዚያ አዛውንት ከብት የሚወርድበት መሬት እንዲኖረው ማድረግ ግን የእኛ ሥራ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ደስ ብሎናል፣ ጨፍረናል። ምዝገባው ግን ለአዛውንቱ ጥያቄ መልስ አይደለም። ከ40,000 ዓመት በፊት እንኳ ሰው የነበረበትን ተራራ ሰው የሌለበት አድርጎ ማሰብ አይቻልም። ከሰዎቹ ጋር ሆኖ እንጂ በነሱ ላይ የሚጠበቅ ቦታ አይደለም።

እንግዲህ እርማቴ ይኸው፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ ግግር በረዶ ኖሮ አያውቅም» ያልኳችሁ ስህተት ነው። ነበረ። ባሌ ላይ ነበረ፣ አርሲ ተራሮች ላይ ነበረ፣ ሰሜን ተራሮች ጫፍ ላይም ምልክቱ አለ። ደብተራችሁን አስቀምጣችሁ ከሆነ አውጡና አርሙት።

ከዚያ የሚበልጠው እርማት ግን ሌላ ነው። ያን ቀን የሳቃችሁ ልጆች አሁን ብዙዎቻችሁ ወላጅ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም መምህራን ሆናችኋል። ልጅ ከቤቱ በላይ ስላለው ድንጋይ ሲጠይቃችሁ አትሳቁ። ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንይ» በሉት። እኔ ያን ቀን እንዲህ ብዬው ቢሆን ምናልባት ቅዳሜ አብረን እንወጣ ነበር። ምናልባት ትምህርቱን ይቀጥል ነበር። ምናልባትም አይቀጥልም፤ እሱን ማወቅ አልችልም። ይቅርታዬን ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ጋ ቆመን ነግሬዋለሁ። ሳቀና «ቲቸር፣ አንተ እኮ ሥዕሉን ባትስለው ኖሮ እኔም አልጠይቅም ነበር» አለኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ ነው ያሳለፍኩት።

አሁን የቤት ሥራ። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሰሜን ተራሮች አካባቢ ያላችሁ፣ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ፦ ከቤታችሁ በላይ ከገደል ርቆ ሜዳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ታውቃላችሁ? ፎቶ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። ከስዊዘርላንዱ ሥዕል ጎን እለጥፈዋለሁ።

ለሌላ መምህር ቢጠቅም ሼር አድርጉት። ሰላም ሁኑልኝ።